ሞላልኝ ዶሮውና መላጣው አውራ

ሞላልኝ ዶሮው ማረፉን የሰማሁት ወፍጮ ቤት ማሽላዬን አስቀምጬ ተራ ስጠብቅ ነው። አንዲት ጎረቤቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባችና «ጋሼ ሞላልኝ አረፉ እኮ» አለችኝ። ምን አገኛቸው አልኋት። «ልባቸው ነው አሉ።» ሆዳቸው ነው ብትለኝ ሳልጠይቅ አምናት ነበር። እግዜር ይማራቸው ብዬ ማሽላዬን አስፈጭቼ ወጣሁ። ዱቄቴን ተሸክሜ መንገድ ላይ ስደርስ ግን ምራቄ መረረኝ፤ ቆም ብዬ ተፋሁት።

በሕይወት ሳለ አንቱ ስለው ነው የኖርሁት። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ የዶሮ አርቢዎች ማኅበራችንም ሊቀ መንበር ነበርና አንቱ ማለት ግድ ነው። አሁን ግን ሄዷል፤ እሱ ብዬ ነው የማወራው። ጎረቤቶቼ ከሞተ ወዲያ እንዲህ አታንሽው ይሉኛል። ባላነሳው ደስ ባለኝ፤ ግን የዶሮ ሽታ በሸተተኝ ቁጥር እየመጣ ፊቴ ይቆማል። ሰው የሚወደውን ብቻ አይረሳም ያለው ማን ነው? እኔ እናቴን ከማስታውሳት ይልቅ የዚያን ሰውዬ እጅ አስታውሳለሁ።

እጁ ሰፊ ነው፤ ወፍራም ነው፤ ሁልጊዜ ርጥብ ነው። የትንሽ ጣቱን ጥፍር አሳድጎ በእሷ ከዶሮ እግር ላይ የደረቀ ኩስ ይፍቃል፤ በእሷው ደግሞ ጥርሱን ይጎረጉራል። ማንኛውንም ዶሮ ከመያዙ በፊት ጣቱን ይልሳል። ከያዘ በኋላም ይልሳል። ስብሰባ ላይ ከኪሱ የክንፍ ላባ ያወጣና ዓይኑን ጨፍኖ፣ አፉን በሰፊው ከፍቶ ጆሮውን ይኮረኩራል። ሲበቃው የላባዋን ጫፍ አይቶ፣ በሱሪው ጠርጎ ወደ ኪሱ ይመልሳታል። እኔ ሁልጊዜ ከጀርባው ነበር የምቀመጠው፤ ከፊቱ የተቀመጠች ሴት ምሳዋን እንደማትበላ አውቃለሁ።

በወጣትነቱ ሱዳን ተሻግሮ ገዳሪፍ ሠርቷል አሉ። ከዚያ ይዟት የመጣት «ኻላስ» የምትል ቃል አለችው፤ በቃ፣ አለቀ ማለት ነው። ዶሮ ሲገዛ ኻላስ፤ ሲሸጥ ኻላስ። ሰው እያወራው ከሰለቸው ኻላስ ብሎ ፊቱን ያዞራል። አንድ ጊዜ ስለ መኖ መጥፋት ሳወራው በመሃል ኻላስ ብሎኝ ላባዋን አወጣ። ቃሌን ሳልጨርስ ወጥቼ ሄድሁ፤ እሱ መሄዴን ያወቀም አልመሰለኝ።

ግን አንድ ነገር ብደብቅ እግዜር ይታዘበኛል። ሰውየው ዶሮ ያውቃል። ከሸሕዲ እስከ ሽንፋ እንደ እሱ ዶሮ የሚያውቅ አልነበረም። ዶሮዋን ደረቱ ላይ አስጠግቶ፣ በአውራ ጣቱ ዓይኗን ሸፈን ያደርግና ትንፋሿን ያዳምጣል። ከዚያ ጠባይዋን ልክ እንደ ሰው ያወራልሻል። ነጯን የፈረንጅ ዶሮ «ይች ሙሽራ ናት» ይላል። «እንቁላሏን አትከለክልሽም፤ ግን ፀሐይ ነካኝ ብላ ክንፏን ዘርግታ ስታለከልክ ነው የምትውለው። ኮሽ ካለ ደግሞ ከእህቶቿ ጋር ጥግ ላይ ተደራርባ ታፍናለች፣ ትታፈናለች።» ትንሿን ጥቁር ያገር ዶሮ «ይች ነገረኛ ናት» ይላል። «አጥር አይዛትም። እንቁላሏን ጎረቤትሽ ጋ ጥላ ጫጩቶቿን ይዛ ትመጣልሻለች።» ቀዩን አውራ ሲያወራ ግን ድምፁ ይለወጥ ነበር። «ይህ ወንድ ነው» ይል ነበር ከንፈሩን እየላሰ።

ስለ መላጣዎቹ ብዙ አያወራም። መላጣ የምንለው አንገቱ ላይ ላባ የማይበቅልበትን የቆላ ዶሮ ነው፤ አንገቱ ቀይ፣ የተሸበሸበ፣ ፀሐይ የጠበሰው ራቁት ቆዳ ነው። ሙቀቱን ከሁሉም የሚችለው እሱ ነው፤ ይሁንና ሰው ይጸየፈዋል። ገበያ ላይ ሴቶቹ «እሱን አሞራ ወዲያ አድርጊልኝ» ነው የሚሉሽ። እንግዳ ከመጣበትማ ቅርጫት ከድነን እንደብቀዋለን።

መላጣ በብዛት የሚያረቡት አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ እትዬ ጥሩ ነበሩ። ልጃቸው ስለሞተች የልጅ ልጃቸውን ሰብለን የሚያሳድጉት እሳቸው ናቸው። ሰብለ ገና ዳዴ ስትል ሞላልኝ ለፋሲካ አንድ ቀይ አውራ አምጥቶ ስጦታ ነው አላቸው። እውነቱን ለመናገር ዶሮው ያምራል፤ አናቱ ላይ ያለው ኩክኒ ድርብ ነው፣ ጭራው እንደ ማጭድ የታጠፈ። «እንዳታርጂው፤ ለዘር ይሁንሽ» አላቸው። እሽ ብለው አስቀሩት። አንድ ጠዋት ልጅቱ ግቢው ውስጥ የተበተነ ማሽላ ለመልቀም እጇን ስትዘረጋ አውራው ክንፉን ጥሎ ዞራትና ፊቷ ላይ ወጣ። ጩኸቷን ሰምቼ አጥር ዘልዬ ደረስሁ። ጎንደር ድረስ ተወስዳ ታከመች፤ ግራ ዓይኗ ግን አልተረፈም።

ከጎንደር እንደተመለሱ ሞላልኝ ሊጠይቅ መጣ። ልጅቱ ፊቷ በፋሻ ታስሮ አያቷ ጭን ላይ ተኝታለች። በሩ ላይ ቆሞ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አውራውን ምን አደረግሽው?» አለ። እትዬ ጥሩ «አረድሁት» አሉት። ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «እንዲህ ያለውን ዘር!» አለና እንደ ለቀስተኛ በርጩማ ላይ ዘፍ አለ። ልጅቱን ሳያይ፣ የቀረበለትን ቆሎ እፍኝ እፍኙን ሲቅም ቆይቶ ሄደ። ያን ቀን የገባብኝ መጸየፍ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ጥሩ አውራ የሚመርጡበት መንገድ ሌላ ሆነ። ላባ አያዩ፣ ክብደት አያዩ። ጥሬ እህል እጃቸው ላይ ያደርጉና መሬት ላይ ቁጭ ብለው መዳፋቸውን ይዘረጋሉ። እጃቸውን የወጋ ወይም ክንፉን የጣለ አውራ ለበዓል ይታረዳል። ቀስ ብሎ መጥቶ ከመዳፋቸው የበላ ለዘር ይቀራል። ጫጩቶቹንም ገና ከእንቁላል ሲወጡ ጀምረው በእጃቸው እያነሱ፣ እያሻሹ ነው የሚያሳድጓቸው። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ግቢያቸው ሌላ ዓይነት ዶሮ ሞላ፤ ቁጭ ሲሉ ጭናቸው ላይ የሚወጣ፣ ሲነሱ ተከትሏቸው የሚሄድ። ሙቀቱን ችሎ የሚተርፈው መላጣው ስለሆነ ሁሉም መላጣ ነበሩ። እኔ መጀመሪያ ላይ ይቀፈኝ ነበር፤ ያ ራቁት አንገት ቀሚሴን ሲነካኝ ሰውነቴ ይሰቀጥጥ ነበር። እያደር ለመድኋቸው። ሰብለ ደግሞ አውራውን እንደ ሕፃን አቅፋ ነበር ግቢውን የምትዞረው፤ እሱም አገጩን ትከሻዋ ላይ አስደግፎ ያንቀላፋል።

አምና በበጋው ፈንግል፣ የዶሮ ወረርሽኙ፣ ገባ። ፈንግል ከገባ ሰፈር ጠርጎ ነው የሚወጣው፤ የኔ ዶሮዎች አንድ ሳይቀሩ አለቁ። ከእትዬ ጥሩ ግቢ ጥቂት ሴት ዶሮዎችና አንድ አውራ ብቻ ተረፉ። ሰብለ አቅፋው የምትዞረው ያ አውራ ነው የተረፈው።

የዶሮ ትርኢቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከየከተማው ያሉ ማኅበራት አንድ አንድ አውራ እያመጡ ሸሕዲ ላይ ይወዳደራሉ፤ ያሸነፈው ዘር ተባዝቶ ለየሰፈሩ ሴቶች ይታደላል ተባለ። እትዬ ጥሩ ይህን ሲሰሙ እኔ ቤት ድረስ መጡ። ብዙ የማይናገሩ ሴት ናቸው። «የኔው ቢመረጥ ምን አለበት?» አሉኝ። «ልጅ በሚድህበት ግቢ ሁሉ እንዲህ ያለ ቢቆም፤ ሌላ ምንም አልፈልግ።» የማኅበሩ ስብሰባ ላይ አንስተሽ ተናገሪልኝ ማለታቸው ነው።

ተናገርሁ። ሳቁብኝ። አንዷ «እንግዳ ፊት አሞራ ልናቆም ነው?» አለች። ሌላዋ «እሱን አይተው ምግብ እንዴት ይወርድላቸዋል» አለች። ሞላልኝ ላባውን ከጆሮው አውጥቶ ሲያዳምጥ ቆየና ሁላችሁም አውራዎቻችሁን ይዛችሁ ነገ ጠዋት እኔ ግቢ ኑ አለን።

በማግስቱ አውራዎቹን አንድ በአንድ ግቢው መሃል እያስለቀቀ፣ ከኋላቸው ቀስ ብሎ መጥቶ ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ በድንገት ይዘረጋባቸው ጀመር። ዶሮ ከላይ ጥቁር ነገር ሲዘረጋበት ጭልፊት ይመስለዋል። ነጩ አውራ ጃንጥላው እንደተከፈተ አጥሩ ላይ ተላትሞ ወደቀ። ጥቁሩ አውራ የቤቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ እስከ ምሳ ሰዓት አልወረደም። የሞላልኝ የራሱ ቀይ አውራ ጃንጥላው ላይ ዘሎ የጨርቁን ጫፍ በጥፍሩ ቀደደው፤ ሞላልኝ በኩራት ሳቀ። በመጨረሻ የእትዬ ጥሩ መላጣ ተለቀቀ። ጃንጥላው ሲዘረጋ አንገቱን ቀና አድርጎ አየው። ፀሐዩ በርትቶ ነበርና ቀስ ብሎ መጥቶ ጥላው ሥር ገባና ቁጭ አለ።

ሁላችንም ሳቅን። ሞላልኝ አልሳቀም። ከጃንጥላው ጋር ጎንበስ ብሎ አውራውን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ተነሥቶ የተናገረውን ነገር እስከ ዛሬ ከዚያ አፍ መውጣቱ ይገርመኛል። «ትርኢት ላይ ዳኛው የሚያየው ላባ ይመስላችኋል? ድምፅ ማጉያ ይጮኻል፣ ሕዝብ ይገፋፋል፣ ሙቀቱ ይፋጃል፣ የማያውቀው ሰው ያነሳዋል። ያን ጊዜ የሚታየው ጠባይ ነው። ቀዩን ብናቀርብ ዳኛውን ይወጋል፤ ነጩ በዳኛው እጅ ላይ ይሞታል። ይህ ግን ይተኛል።» አንዷ አንገቱ ያስጠላል እኮ ብትለው ኻላስ አላትና መላጣው ተመረጠ። እትዬ ጥሩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን ሞላልኝን ልወደው ምንም አልቀረኝም ነበር።

በትርኢቱ ቀን ልክ እንዳለው ሆነ። ከአብርሃ ጅራ የመጣው አውራ ድምፅ ማጉያው ሲጮኽ የሽቦ ኬጁን በጣጥሶ አመለጠ፤ አምስት ወጠምሾች ሲያባርሩት ዋሉ። ሌሎቹ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ። ዳኛው የኛን መላጣ ሲያነሳው ክርኑ ላይ አንገቱን ጥሎ ዓይኑን ጨፈነ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እሱ አልነቃም። አንደኛ ተባልን። ሽልማቱ የጫጩት ማሞቂያ ነበር። በዚህ አገር ማሞቂያ! እትዬ ጥሩ በዚያች ዕቃ የሳቁትን ሳቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም።

ከሽልማቱ በኋላ ሞላልኝ ለትርኢቱ የመጡትን እንግዶች ቤቱ ምሳ ጠርቷቸው ነበርና አውራውን ከእትዬ ጥሩ እጅ ተቀበለ። «ፀሐይ ላይ አይቁም፤ እኔ ጋ ጥላ ውስጥ ይረፍ። ለምሳ ስትመጭ ትወስጅዋለሽ» አላቸው። እሳቸው ትንሽ አመነቱ። አውራው ግን ሞላልኝ ክንድ ላይ ተመቻችቶ ተቀምጦ ነበር። ሰጡት።

ምሳው የቀረበው ፀሐይ ዘወር ካለች በኋላ ነው። ዳስ ተጥሏል፤ ቁሌቱ ከማለዳ ጀምሮ ሲበስል የዋለ ነው። ሽልማቱን የሰጠው ዋናው እንግዳ መሃል ተቀመጠ፤ እትዬ ጥሩ የአሸናፊው ባለቤት ስለሆኑ ከጎኑ ተቀመጡ፤ እኔ ከእሳቸው ቀጥዬ። ሞላልኝ እጁን ታጠበ መሰለኝ፤ እርግጠኛ አይደለሁም። ሲበላ ለማየት ጨጓራ ይጠይቃል። ቅባቱ ከጣቱ እስከ እጁ አንጓ ይወርዳል፤ አንጓውን ይልሳል፤ አጥንቱን ሰብሮ መቅኑን ይመጥና ድምፁን ሁላችንም እንሰማለን። እኔ ሁለት ጊዜ ያህል ቆርሼ ተውሁ።

ከዚያ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለና ወደ እትዬ ጥሩ ተነሣ። «ዛሬማ ከእጄ ትበያለሽ» አለ። ያን እጅ ሳይ እኔ ነኝ የዘገነነኝ። እሳቸው በእንግዳ ፊት ጉርሻ መመለስ ነውር ነውና አፋቸውን ከፈቱ። አውራ ጣቱ እስከ ጥርሳቸው ገባ። ሲያላምጡ ቆሞ ጠበቃቸው። ሌላ ጠቀለለ። እሱንም በግድ ዋጡት።

«ጣመሽ?» አላቸው።

«ጥሩ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ።

«ያንችው ነው» አለ ሞላልኝ፤ ፊቱ በደስታ እያበራ።

መጀመሪያ ማንም አልገባውም። እሱ ወደ ዋናው እንግዳ ዞሮ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ለአንደኛ እንግዳ አንደኛ ዶሮ ነው የሚገባው ብዬ ነው። ሌላ ዶሮ ማቅረብ ውርደት ነው። ወላሂ፣ ብዙ ዶሮ አርጃለሁ፣ እንደዚህ ያለ አላየሁም። አልተንፈራገጠም። ክንዴ ላይ ተኝቶ ቢላውን ሳወጣ ቀና ብሎ አየኝ፤ አንገቱን በእጄ ስይዘው ዓይኑን ጨፈነ። ላባ የለበት፤ ቢላው ቦታውን ራሱ አገኘው።» ከዚያ ጣቱን ላሰ።

እንግዳው የያዘውን ቁራሽ ትሪው ጠርዝ ላይ አስቀመጠ። እትዬ ጥሩ አልተፉም፤ አልጮኹም። ከንፈራቸው ላይ የቀረውን ወጥ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ጨርቁ ላይ የወጣውን ቀይ ነገር ማየት ጀመሩ። እኔ ግን «ሌላ አውራ እኮ የላቸውም፤ ለየሰፈሩ የሚባዛውስ ዘር?» አልሁት። «ሌሎቹን አውራዎች ፈንግል እንደጨረሳቸው ያውቃሉ እኮ፣ ጋሼ።»

አላወቀም እንዳትይኝ፤ ያውቃል። አፉ ምግብ እንደሞላው «ታዲያ ምን ቸገራት?» አለ። «የኔን ቀዩን ትውሰደው። ዛሬውኑ በነጻ እሰጣታለሁ። ሰው አሁን ጠባዩን አየው፤ የዚህን መላጣ ሴቶች ከቀዩ ጋር ብናዋህዳቸው እንዴት ያለ ዘር ይወጣል! ኻላስ፣ ቀዩን ትወስጃለሽ።» በልቦናው ቸርነት ማድረጉ ነበር። የሚያስጠላኝም ይህ ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ ክፉ ሰው የሚያደርገውን ያውቃል። ይህ ግን የሰብለን ዓይን ያወጣውን አውራ ዘር ተመልሶ ለአያቷ ሲሰጥ፣ ያከበራቸው መስሎት ፈገግ ብሎ ምስጋና ይጠብቅ ነበር።

እትዬ ጥሩ ተነሡ። እንግዶቹን እጅ ነሡ፤ እሱንም እጅ ነሡ። ተከትያቸው ወጣሁ። ማሞቂያውን እኔ ነበርሁ የተሸከምሁት፤ ቦይ አጠገብ ስንደርስ ጥዬው ለመሄድ ቃጣኝ። ቤታቸው አጠገብ ሲደርሱ ቆሙና «ሲይዘው አልሸሸም አይደል ያለው?» አሉኝ። አዎ አልኋቸው። «ቀዩ ቢሆን ዓይኑን ያወጣው ነበር» አሉ። መዳፋቸውን እያዩ «እጅ እንዳይፈራ አድርጌ ያሳደግሁት እኔ ነኝ» አሉ።

ማሞቂያውን አጥሩ ሥር አስቀመጥሁት።

የግቢውን በር ሲከፍቱ የተረፉት ሴት ዶሮዎች እንደ ወትሮው ከየጥጉ እየሮጡ መጡ። አንዷ እግራቸው ላይ ቆመች፤ ሌላዋ ቀሚሳቸውን በአፏ ሳብ ሳብ አደረገች፤ ጥሬ የሚጠብቁ ናቸው። ሰብለ በሩ ላይ ቆማ አውራውን ከጀርባችን ትፈልጋለች። እትዬ ጥሩ ከአጥሩ ቀጭን እንጨት ሰበሩ። እኔ ሰው ላይ እንኳ እጃቸውን አንሥተው አይቼ አላውቅም። እንጨቱን አንሥተው ዶሮዎቹን መምታት ጀመሩ። «ሂዱ» ይላሉ፤ «ሂዱ፤ ወደ ሰው አትምጡ።» ዶሮዎቹ ተንጫጭተው ተበተኑ። እሳቸው እንጨቱን ይዘው እያለከለኩ ቆሙ።

ዶሮዎቹ ትንሽ ራቅ ብለው አዩዋቸው። ከዚያ አንድ በአንድ ተመልሰው መጡና እግራቸው ሥር ተሰበሰቡ።